የደጃዝማች ውቤ የልጅ ልጅ፤ የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ አጭር የሕይወት ታሪክ



የታሪክ መምህራችን ለዘንድሮው መጽሔታችን እያንዳንዳችን የአንድ የታወቀ ሰው ሕይወት መርጠን እንድንጽፍ ባዘዙን ጊዜ፣ ከጓደኞቼ ብዙዎቹ ንጉሥን፣ ጀግናን ወይም ሊቅን መረጡ። እኔ የመረጥሁት ግን አገር ያልገዛ፣ ጦር ያልመራ፣ መጽሐፍም ያልጻፈ፣ ገና በ18 ዓመቱ በሰው አገር የሞተ ልጅ ነው። ይኸውም የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ስለ ምን እርሱን እንደ መረጥሁ አስቀድሜ ልናገር።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ወደ ቤታችን መጣ። የእናቴ የእኅት ልጅ ነው። አባቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዳባት ገጠር በደረሰ ጊዜ ሞተ፤ እናቱም ከጥቂት ዓመት በኋላ ታማ ዐረፈች። አባቴና እናቴ ተማክረው፣ ልጁ ከእንግዲህ ልጃችን ነው ብለው ከዳባት ወደ ደባርቅ አመጡት። ዳባትና ደባርቅ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በመኪና ለሚሄድ ሰው መንገዱ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ለዚያ ልጅ ግን ደባርቅ ውጭ አገር ነበረች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጠሩት አይመልስም፤ ከማዕድ ሲነሣ ቁራሽ እንጀራ በኪሱ ደብቆ ይሄዳል፤ በር በተንኳኳ ቍጥር ወደ ጓዳ ይሮጣል። ሌሊት ሲሆን ደግሞ እኔ ከምተኛበት መደብ ላይ ወጥቶ የጋቢዬን ጫፍ በእጁ ጨብጦ ካልሆነ በቀር እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።

እኔም በዚያን ጊዜ የፈተና ሰሞን ስለ ነበረ ተሰላቸሁ። አንድ ሌሊት ጋቢዬን ከእጁ ነጥቄ፣ ሂድና ከራስህ መኝታ ተኛ ብዬ አባረርሁት። ልጁ አላለቀሰም። በማለዳ ስነቃ ግን ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ እንደ ተቀመጠ አገኘሁት፤ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም ነበር። እናቴ አይታ ምንም አልተናገረችም፤ ዝምታዋ ግን ከቍጣ ይልቅ ከበደኝ። በዚያው ሳምንት የዓለማየሁን ታሪክ ሳነብ፣ እርሱም የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አባትና እናቱን አጥቶ፣ ከአንድ ሰው አጠገብ ካልሆነ በቀር አልተኛም ይል እንደ ነበረ አገኘሁ። መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ አሰብሁ። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁትም ስለዚህ ነው።

ዓለማየሁ የንጉሥ ልጅ ነውና አንቱ ብዬ ልጽፍለት በተገባኝ ነበር። ነገር ግን በምጽፍበት ጊዜ ሁሉ ከዓይኔ ፊት የሚቆመው ትንሽ ልጅ ስለ ሆነ፣ ታላላቆቼ ይቅርታ እያደረጉልኝ እርሱ እያልሁ እጽፋለሁ። ዓመቶቹንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፍሁት ሲኖር እዚያው እገልጻለሁ።

ልዑል ዓለማየሁ ለእኛ ለደባርቅና ለዳባት ልጆች ባዕድ አይደለም። በአባቱ ቋረኛ ነው፤ በእናቱ ግን የስሜን ልጅ ነው። የእናቱ አባት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ደጃዝማች ውቤ ስሜንንና ትግራይን ብዙ ዓመት የገዙ፣ ንጉሠ ነገሥት ለመሆንም ተስፋ ያደረጉ ታላቅ መስፍን ነበሩ። ከተራራው ባሻገር በጃናሞራ ያለችውን የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ እርሳቸው ናቸው፤ ያሠሯትም ሊነግሡባት አስበው ነው ይባላል። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ጦር ገጥመው ውቤን ድል አደረጓቸው፤ ማረኳቸውም። ከዚያም በጥቂት ቀን ውስጥ፣ በዚያችው ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። እንግዲህ የአንዱ አያት ተስፋ የተቀበረበትና የአባት ዘውድ የተጫነበት ስፍራ አንድ ነው፤ እርሱም ይኸው የእኛ ስሜን ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ እቴጌ ተዋበች ቢሞቱባቸው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የእስረኛቸውን የውቤን ልጅ ወይዘሮ ጥሩወርቅን አገቡ። አባትን አስሮ ልጅን ማግባት ፍቅር የሚያበዛ ነገር አይደለምና ትዳሩ ሰላም አልነበረውም። ቢሆንም በ1853 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከዚህ ትዳር ዓለማየሁ ተወለደ። የቋራና የስሜን ጠብ በአንድ ልጅ ደም ውስጥ ታረቀ ማለት ይቻላል። ንጉሡም ይህን ልጅ እጅግ ይወዱት ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ታሪክ ሁላችንም በክፍል ተምረነዋል፤ ስለዚህ በአጭሩ እገልጸዋለሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ቢያጣ ተቈጥተው የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮጳውያንን አሰሩ። የእንግሊዝ መንግሥትም እስረኞቹን ለማስለቀቅ በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ከሕንድ አሰናድቶ በቀይ ባሕር ዳርቻ በዙላ አወረደ። ሠራዊቱ በትግራይና በላስታ አድርጎ ወደ መቅደላ ገሠገሠ። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዓርብ፣ በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ፤ የንጉሡም ታማኝ ወታደሮች አለቁ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግሥት፣ እንግሊዞች አምባውን ሲሰብሩ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን ጠጡ። ሽጉጡም ቀድሞ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላኩላቸው ነበር።

በዚያ ቀን ዓለማየሁ ከእናቱ ጋር በአምባው ላይ ነበረ። ዕድሜው ሰባት ዓመት ሊሞላ ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር። የመድፍና የጠመንጃ ድምፅ ሰምቷል፤ አባቱ መሞታቸውን አውቋል፤ ከዚያም ያደገበት አምባ ሲዘረፍና በእሳት ሲቃጠል ሆኗል። ከመቅደላ የተዘረፈውን መጽሐፍ፣ ዘውድ፣ ጽዋና መስቀል ለመጫን 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ሕፃኑም ከእናቱ ጋር የዚያኑ ጦር መንገድ ተከትሎ ወደ ሰሜን ተጓዘ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከመሞታቸው በፊት ልጃቸው በእንግሊዞች እጅ እንዲያድግ ተናዝዘው ነበር ይባላል። እቴጌ ጥሩወርቅ ግን ከባላቸው ሞት በኋላ ሐሳባቸው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ስሜን መመለስ ነበር ይላሉ። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ፤ ደርሰው ቢሆን ኖሮ ዓለማየሁ ምናልባት እንደ እኛ በዚህ ተራራ ሥር፣ የገብስ ቆሎ እየበላ፣ ጋቢ ለብሶ ባደገ ነበር። እቴጌይቱ ግን አልደረሱም። ታምመው ስለ ነበር በመንገድ ላይ በእንደርታ ምድር ግንቦት 8 ቀን ዐረፉ፤ በጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበሩ። ከመቅደላ ውድቀት እስከዚያ ቀን የተቈጠረው 32 ቀን ብቻ ነው። በ32 ቀን ውስጥ ያ ልጅ አባትም እናትም አጣ። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ወንዝ የወረደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባላል፤ እውነትም ከሩቅ ለሚሰማው የልጅ ለቅሶ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። የዓለማየሁ ግን መቼም የማትመለሰዋ ነበረች።

ጄኔራል ናፒየር ልጁን እንዲጠብቅ የሾመው ሻምበል ትሪስትራም ስፒዲን ነበር። ስፒዲ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ጢሙ ቀይ የሆነ ግዙፍ ሰው ነበረ። ከጦርነቱ በፊት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዐፄ ቴዎድሮስን በወታደር አሠልጣኝነት ያገለገለ ስለ ሆነ አማርኛ ይናገር ነበር፤ ሐበሾችም ባሻ ፈለቀ የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ለዓለማየሁ ይህ ሰው አባቱን ድል ካደረገው ሠራዊት ወገን ነው፤ ዳሩ ግን በእናቱ ቋንቋ የሚያናግረው ሰው ነበረ። ልጅ ምን ያደርጋል? የተዘረጋለትን እጅ ያዘ፤ አጥብቆም ያዘ።

ከልጁ ጋር መንገድ ከጀመሩት አንዱ መምህሩ አለቃ ዘነብ ነበሩ። አለቃ ዘነብ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉ ሊቅ ናቸው። እርሳቸውም እንግሊዝ አገር ሳይደርሱ እንዲመለሱ ተደረገ። እነሆ፣ ይህ ደግሞ ከልጁ እጅ የተነጠቀ ሦስተኛ እጅ ነው። ዓለማየሁ በሰኔ ወር ከዙላ በመርከብ ተጭኖ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በግብፅ በኩል አልፎ በሐምሌ 1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ወደብ ወረደ። ከተራራ በቀር ሌላ የማያውቅ ልጅ፣ በሦስት ወር ውስጥ ምድረ በዳውንም ባሕሩንም ውቅያኖሱንም አየ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዴት ነበሩ? ከውጭ ሲታዩ ያማሩ ነበሩ። ንግሥት ቪክቶሪያ ዋይት በምትባል ደሴት ላይ በነበረው በኦዝቦርን ቤተ መንግሥታቸው ሆነው ሕፃኑን አስጠርተው በርኅራኄ ተቀበሉት። መልኩን፣ ዓይኑንና ጠባዩን ወደዱለት። ስፒዲም በዚያችው ደሴት ላይ ስለ ተቀመጠ፣ በዚያን ዘመን ዝነኛ የነበረችው ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ልጁን በብዙ ፎቶግራፍ አነሣችው። እነዚህ ፎቶግራፎች እስከ ዛሬ አሉ። ስፒዲ ራሱ የሐበሻ ልብስ ለብሶ ከልጁ ጋር ይታያል፤ በአንዱም ላይ ካሣ የሚባል ሐበሻ አብሯቸው አለ። ከልብሱና ከጌጡ በላይ የእኔን ዓይን የያዘው ግን የልጁ ፊት ነው። በአንዱም ፎቶግራፍ ላይ አይስቅም።

ሌሊቱ ግን ሌላ ነበረ። ዓለማየሁ ከመቅደላ በኋላ ፍርሃት አድሮበት፣ ቀን ከስፒዲ መለየት አይወድም፤ ሌሊትም ከአጠገቡ ካልሆነ አይተኛም ነበር። ንግሥቲቱም ይህን ሰምተው በቀን መዝገባቸው ጽፈውታል። ስፒዲ ወታደር ነው፤ ልጅ የማሳደግ ልማድም አልነበረውም፤ ሆኖም ልጁን አላባረረውም። ስለ ስፒዲ ብዙ የሚነቀፍ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ከአገር የወሰደው ጦር ባለሥልጣን ነበረና። በዚህ በአንድ ነገር ግን እኔ ከእርሱ አንሼ ተገኝቻለሁ። እርሱ የባዕድ ልጅ ሌሊቱን ሲይዘው ታገሠ፤ እኔ የአክስቴን ልጅ አንዲት ጋቢ ከለከልሁት።

በ1861 ዓ.ም. ስፒዲ ሚስት አገባ፤ በሕንድ አገርም የፖሊስ ሹም ሆኖ ተሾመ። ባልና ሚስቱም ዓለማየሁን እንደ ልጃቸው ይዘውት ሄዱ። ቀጥሎም ስፒዲ ወደ ማሌይ ምድር፣ ወደ ፔናንግ ተዛወረ፤ ልጁም አብሮ ተዛወረ። አገሩ ቢለዋወጥም፣ ሙቀቱም ባዕድ ቢሆን፣ አብሮት ያለው ሰው ያው ነበረ። የታሪኩን መጨረሻ ሳውቅ ወደ ኋላ ተመልሼ ስመረምረው፣ ከመቅደላ በኋላ የልጁ ደኅና ዘመን ይህ ይመስለኛል።

ነገር ግን የልጁን ወጪ የሚከፍለው የእንግሊዝ መንግሥት ነበረና፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው ልጁ ከስፒዲ ተለይቶ በእንግሊዝ አገር በደንብ ይማር ብሎ ወሰነ። ውሳኔው በወረቀት ላይ ሲነበብ ክፋት የለበትም። የንጉሥ ልጅ ጥሩ ትምህርት ቤት ይግባ ማለት ማን ይነቅፈዋል? ልጁን ግን ማንን ይዘህ መኖር ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀው፣ መልሱንም የሰማ አልነበረም። በ1864 ዓ.ም. ዕድሜው ወደ 11 ዓመት ሲጠጋ፣ በሌሊት የያዘው እጅ ከእጁ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት መዛወር ነው። መጀመሪያ ቼልተንሃም ወደሚባል ኮሌጅ ገባ፤ በዚያም ዶክተር ጄክስ ብሌክ የሚባሉት የትምህርት ቤቱ ዋና አስተዳዳሪ በቤታቸው አስቀመጡት። እኒህ ሰው በፈረንጅ 1874 የራግቢ ትምህርት ቤት ዋና መምህር ሆነው ሲሾሙ ይዘውት ሄዱ። ዓለማየሁ በመጽሐፍ በኩል ብዙ አልገፋም፤ በጨዋታና በስፖርት ግን ጐበዝ ነበረ። በፈረንጅ 1878 ሳንድኸርስት ወደሚባለው የጦር ትምህርት ቤት አስገቡት። አባቱን በጦር ያሸነፈች አገር የጦርን ጥበብ ታስተምረው ዘንድ ላከችው ማለት ነው። በዚያም ደስታ አላገኘም፤ ሳይጨርስ ወጣ።

በመጨረሻ ወደ ሰሜን እንግሊዝ፣ ወደ ሊድስ ከተማ፣ ሲረል ራንሰም ወደሚባል መምህር ዘንድ ሄደ። በዚያም በፈረንጅ 1879 በመጸው ወራት ሳንባውን ታመመ። በሕመሙ ጊዜ መርዝ ይሰጡኛል ብሎ ስለ ጠረጠረ ምግብና መድኃኒት አልቀበልም ይል ነበር ይባላል። ይህን ክፍል ባነበብሁ ቍጥር በኪሱ ቁራሽ እንጀራ የደበቀው ልጃችን ትዝ ይለኛል። ሰውን ማመን ያጣ ልጅ፣ ወይ ምግቡን ይደብቃል፣ ወይ ምግቡን ይፈራል። ልዑል ዓለማየሁ ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ።

ንግሥት ቪክቶሪያ ሞቱን ሲሰሙ ከልብ አዘኑ፤ በሰው አገር ዘመድ የሌለው ብቸኛ ሆኖ መሞቱን እያሰቡ በቀን መዝገባቸው ጻፉ። በእርሳቸውም ትእዛዝ በዊንዞር ቤተ መንግሥት፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ከተሠራው ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበረ። የተቀበረበት ቀን በፈረንጅ ኅዳር 21 ነበረ፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ኅዳር 12 ቀን፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። በዚያን ቀን በስሜን አድባራት ሁሉ ታቦት ወጥቶ፣ እልልታ ሆኖ፣ ሕዝብ ሲከብር ሳለ፣ የደጃዝማች ውቤ የልጅ ልጅ አንድም የአገሩ ቄስ ሳይፈታው በባዕድ መቃብር ገባ። በጸሎት ቤቱም ውስጥ ንግሥቲቱ የመታሰቢያ ጽሑፍ አስቀመጡለት፤ ጽሑፉም እንግዳን ስለ መቀበል ከተነገረው ከወንጌል ቃል የተወሰደ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በመቅደላ ከወደቁት ልጆች ዓለማየሁ ብቻውን አይደለም። ሦስት ዓመት ያህል የሆነው ሌላ የጎንደር ልጅ በዚያው አምባ ተገኝቶ፣ ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ መኰንን ወደ ሕንድ ወሰደው። ይህም ልጅ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተባሉት ናቸው። እርሳቸውም አሳዳጊያቸው በልጅነታቸው ሞተውባቸው ነበር፤ ግን በሌላ መኰንን ርዳታ ተምረው በፈረንጅ 1882 በላሆር ከተማ በሕክምና ተመረቁ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ፤ ዘመዶቻቸውም በሰውነታቸው ላይ በነበረ ጠባሳ አወቋቸው ይባላል። ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ አገራቸው ተከራከሩ። እንግዲህ በሰው አገር ያደገ ልጅ ሁሉ ይጠፋል ማለት አይደለም። ልዩነቱ ምን እንደ ሆነ እኔ ተማሪው ልፈርድ አልችልም፤ ሐኪም ወርቅነህ ግን ጐልማሳ ሆነው መንገዳቸውን ራሳቸው መረጡ፤ ወደ አገራቸው የሚመለሱበትም በር ተከፈተላቸው። ለዓለማየሁ መንገዱን ሁልጊዜ ሌሎች መረጡለት፤ በሩም ሳይከፈት ሞተ።

የዓለማየሁ አያት፣ የእቴጌ ጥሩወርቅ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ፣ ልጁ በሕይወት ሳለ ከኢትዮጵያ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ ለንግሥቲቱም ጽፈዋል። ልጅዋን የቀበረች ሴት ለልጅ ልጅዋ ጤና ባሕር ተሻግራ ስትጠይቅ መኖርዋ የሚያሳዝን ነው። በእኛም ዘመን ጥያቄው አልቆመም። በፈረንጅ 2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዐፅሙ ለአገሩ እንዲመለስ ንግሥት ኤልሳቤጥን ጠየቁ። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፣ በዚያ የተቀበሩትን ሌሎች ሳይነኩ የእርሱን ብቻ ማውጣት አይቻልም በማለት ጥያቄውን እንዳልተቀበለ አስታወቀ። በዚያው በፈረንጅ 2023 ግን ከስፒዲ ወገኖች ዘንድ ተጠብቆ የኖረ የልዑሉ ጠጕር በለንደን ለኢትዮጵያ ተሰጠ። የአባቱም የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጕር አስቀድሞ በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ሙዚየም ተመልሶ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው የተመለሰልን ይህ ነው።

ጓደኞቼ፤ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድር ነው? ብዙ ሰው የዓለማየሁን ነገር ሲያነሣ ስለ ተዘረፈው ሀብትና ስለ አገር ክብር ይናገራል፤ እውነት ነው፣ መናገርም ይገባል። እኔ ግን ከእርሱ የተማርሁት ቅርብ የሆነውን ነገር ነው። ለዓለማየሁ ቤት አላጣም፤ ልብስ አላጣም፤ ትልቅ ትምህርት ቤት አላጣም፤ ንግሥት እንኳ ወዳጅ ነበረችው። ያጣው ነገር አንድ ነው፤ የያዘውን እጅ ይዞ እንዲያድግ አልተፈቀደለትም። አባቱ፣ እናቱ፣ መምህሩ፣ ከዚያም ስፒዲ፣ እያንዳንዳቸው ተራ በተራ ሲወጡ፣ በመጨረሻ የሚሰጠውን ጽዋ የሚያምነው ሰው አላገኘም።

መንግሥታችን በ2010 ዓ.ም. ሕፃናትን ለውጭ አገር ሰዎች በማደጎ መስጠትን በሕግ ከለከለ። ከዚያ በፊት ብዙ ሺህ የኢትዮጵያ ልጆች፣ ከነዚህም አንዳንዶቹ እንደ ዓለማየሁ ነፍስ ያወቁ፣ ቋንቋቸውንና የእናታቸውን ፊት የሚያስታውሱ፣ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮጳ ሄደዋል። ለእነርሱም የመጀመሪያው ሌሊት እንዴት እንደ ነበረ መገመት እንችላለን። አሁን ግን ልጆቹ የሚቀሩት በእኛው እጅ ነው። አባቶቻችን ወላጅ ያጣውን ልጅ የጡት ልጅ አድርገው፣ ማር አጥብተው፣ በሽማግሌ ፊት ልጄ ነው ብለው ይቀበሉት ነበር። ልጄ ነው ማለት በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ነው፤ ልጅ ማድረግ ግን በየሌሊቱ የሚሠራ ሥራ ነው። የተከበራችሁ ወላጆች ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ እኔ ግን ገና አሁን ስለ ተማርሁት ጻፍሁት።

ወደ ቤታችን የመጣው ልጅ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ነው። እንጀራ መደበቅ ትቷል፤ በር ሲንኳኳ ቀድሞ የሚከፍተው እርሱ ሆኗል። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ የዓለማየሁን ፎቶግራፍ በመጽሐፍ ላይ ባሳየው፣ ብዙ ጊዜ ተመልክቶ፣ ይህ ልጅ የት ነው ያለው ብሎ ጠየቀኝ። ሩቅ አገር ነው አልሁት። ማን አለው ብሎ ደግሞ ቢጠይቀኝ ግን መልስ አጣሁ።

ሌሊት መብራት አብርቼ ሳጠና፣ አሁንም አንዳንድ ቀን ከመደቤ ላይ ወጥቶ የጋቢዬን ጫፍ ይጨብጣል። ብርዱም የደባርቅ ብርድ ነው፤ ጋቢውን ስቦ እግሬን ያጋልጠዋል። እኔም አልነጥቀውም።